ከአቃባ እስከ ኤል ቶር፦ የባሕር ቀለም ምን ይመሰክራል?

በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ላይ አራት አገሮች ይተያያሉ። ዮርዳኖስና እስራኤል አቃባንና ኤላትን ጎን ለጎን ከትመዋል፤ በምዕራብ የግብፅ ሲና፣ በምሥራቅ የሳዑዲ ጠረፍ አለ። ተራሮቹ ደረቅና ቀያይ ናቸው፤ ውኃው ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ከዚህ ተነሥቶ በሲና ዳርቻ በሚዞረው መንገድ ላይ ሆኜ ሲሆን፣ የምከታተለውም ጎብኚ ሁሉ የሚመጣለትን ኮራልና ዓሣ ሳይሆን ማንም በዓይኑ የማያየውን ፋይቶፕላንክተንን ነው። እነዚህ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ደቂቅ ፍጥረታት ናቸው፤ በምድር ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉ የእነሱ ሥራ ነው። ውኃው እንዲህ የጠራውም ቁጥራቸው አነስተኛ በመሆኑ ነው፤ የባሕር ጥራት ብዙውን ጊዜ የድህነት ምልክት መሆኑን ሆቴሎቹ በማስታወቂያቸው አይነግሩንም። ተመራማሪዎች በዚህ ጥራት ውስጥ ማን እንዳለ ለማወቅ የፍጥረታቱን ቀለም አውጥተው ይለካሉ። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ቀለም የነዋሪዎቹን ስም ሲጠየቅ የሚንተባተብ፣ ምን እንደተለወጠ ሲጠየቅ ግን አጥርቶ የሚናገር ምስክር ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ስም መሆኑ ላይ ነው።

አሠራሩን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ከተለያየ ጥልቀት የተቀዳ ጥቂት ሊትር ውኃ ከብርጭቆ ቃጫ በተሠራ ማጣሪያ ላይ፣ ብርሃን በቀነሰበት ክፍል ይጣራል። ክሎሮፊል በብርሃንና በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ ማጣሪያው ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛል። በላቦራቶሪ ቀለሙ በአሴቶን ወይም በሜታኖል ከማጣሪያው ላይ ይሟሟና ደቃቅ ዱቄት በታጨቀበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይገፋል። ዱቄቱ አንዱን ቀለም ይዞ ያቆየዋል፣ ሌላውን ቶሎ ይለቀዋል፤ ስለዚህ ተደባልቀው የገቡት ቀለሞች ተራ በተራ ይወጣሉ፣ እያንዳንዱም በሚወጣበት ደቂቃና በሚውጠው የብርሃን ዓይነት ይለያል። የዚህ ሐሳብ አባት ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚኻይል ጽቬት ነው፤ በ1903 በዋርሶ ሐሳቡን አቀረበ፣ በ1906 ደግሞ የቅጠል ቀለሞችን ጠመኔ በተሞላ የብርጭቆ ቱቦ እንዴት እንደሚለያይ አሳተመ። ክሮማቶግራፊ የሚባለው ይህ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራው መሣሪያ ለባሕር አልጌ ተስማምቶ ሲዘጋጅ፣ ቀድሞ በጥቅሉ «ክሎሮፊል ይህን ያህል» ይባል የነበረው ልኬት ወደ ብዙ የተለያዩ ቀለሞች ተተነተነ። ፉኮዛንቲን የሚባለው ቡናማ ቀለም በብዛት ሲገኝ ዳያተሞች የሚባሉት አልጌዎች ይጠረጠራሉ፤ ፔሪዲኒን ዳይኖፍላጀሌቶችን፣ አሎዛንቲን ክሪፕቶፋይቶችን፣ ክሎሮፊል ቢ አረንጓዴ አልጌዎችን፣ ዚያዛንቲን ፎቶሲንተሲስ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች፣ ሲያኖባክቴሪያን፣ ይጠቁማል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ማስረጃ የተገኘው ከዚህ ርቆ በአትላንቲክ ላይ ነው። በ1983 ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ ጊስከስና ክራይ፣ ከሞቃታማው አትላንቲክ በቀዱት ውኃ ውስጥ ከታወቁት ክሎሮፊሎች ጋር የማይገጥም እንግዳ ክሎሮፊል አግኝተው አሳተሙ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሊናገሩ አይችሉም ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመራማሪዋ ሳሊ ቺዝሆልምና ባልደረቦቿ ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር ብርሃን ፊት በሚያሳልፍ መሣሪያ እጅግ ደቃቅ ሴሎች በብዛት መኖራቸውን አሳወቁ፤ ወርዳቸው ከአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ ክፍል ያንሳል። ፍጥረቱ በ1992 ፕሮክሎሮኮከስ ተባለ፤ እንግዳው ክሎሮፊልም የእሱ መሆኑ ታወቀ። ዛሬ በምድር ላይ ፎቶሲንተሲስ ከሚሠሩ ፍጥረታት ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው እሱ እንደሆነ ይታመናል። በተራ ማይክሮስኮፕ ሴሎችን ሲቆጥሩ የኖሩ ባለሙያዎች ይህን የሚያህል ሕዝብ ሳያውቁት አልፈዋል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው ነገር አለ፦ ቀለሙ ያኔም ስም አልተናገረም። ያለው «የማታውቁት አንድ ነገር እዚህ አለ» ብቻ ነው፤ ይህን በመናገሩም ከማይክሮስኮፑ ቀደመ።

ወደ አቃባ ስንመለስ፣ ይህ ባሕረ ሰላጤ ለቀለም ምርመራ የተመቸ የሆነው በመልክዓ ምድሩ ምክንያት ነው። ጥልቀቱ ከ1800 ሜትር ይበልጣል፤ ከቀይ ባሕር ጋር የሚገናኝበት የቲራን ሰርጥ ግን ከ300 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ስላለው ቀዝቃዛ ጥልቅ ውኃ አያስገባም። ስለዚህ እስከ ወለሉ ድረስ ያለው ውኃ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከላይና ከታች ያለው የሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው። የብርድ ወራት ሲመጡ የላዩ ውኃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰጥማል፣ መደባለቁም በመቶዎች ሜትር ይወርዳል፤ ከጥልቁ ናይትሬትና ፎስፌት ይዞ ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ውኃው በንብርብር ተለያይቶ ላዩ በተራቆተበት ወቅት፣ ያ የፕሮክሎሮኮከስ ልዩ ክሎሮፊል ይበዛል። በብርድ ወራት፣ መደባለቁ ሲጠልቅ፣ እሱ ይመነምንና የተለቅ ያሉት አልጌዎች ቀለም ከፍ ይላል። ውኃው ዳግመኛ በንብርብር መለያየት ሲጀምር ደግሞ ሲኔኮኮከስ የሚባለው ሌላው ሲያኖባክቴሪያ ተራውን ይወስዳል። ይህን ቅብብሎሽ በኤላት በኩል ያሉ ተመራማሪዎች በሴል ቆጠራ፣ በአቃባ በኩል ያሉት ደግሞ በቀለም ትንተና ተከታትለው አሳይተዋል። በድንበር የተለያዩ ሁለት ዳርቻዎች፣ በሁለት ዘዴዎች፣ አንድ ታሪክ ነው የተናገሩት። የአንድ ዘዴ ተቺ ነኝ የሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ሊጠይቅ የሚችል አይመስለኝም።

የሆነ ሆኖ ተቃውሞዎቹ ቀላል አይደሉም፤ የመጀመሪያውና ከባዱ የመጠን ጉዳይ ነው። የቤተሰብ ብዛት በምጣድ ስፋት እንደማይለካ ሁሉ፣ የሴል ብዛትም በቀለም ብዛት በቀጥታ አይለካም። አንድ ሴል በጨለማው ጥልቀት ውስጥ ሲኖር ያለችውን ጥቂት ብርሃን ለመያዝ ክሎሮፊሉን ያበዛል፤ ወደ ላይ፣ ወደሚያቃጥለው ፀሐይ ሲወጣ ክሎሮፊሉን ቀንሶ እንደ ዚያዛንቲን ባሉ መከላከያ ቀለሞች ይጠለላል። ስለዚህ ከአንድ መቶ ሜትር ጥልቀት የተቀዳ ውኃ ከላይኛው ይልቅ ብዙ ክሎሮፊል ቢያሳይ፣ ብዙ ሴል አለ ማለት ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ተቃውሞ ቀለም የጋራ ንብረት መሆኑ ነው። ፉኮዛንቲን የዳያተም ብቻ አይደለም፣ ሃፕቶፋይቶች የሚባሉት ሌሎች አልጌዎችም ይይዙታል፤ በፍሎሪዳ ዳርቻ ዓሣ የሚፈጀው ካሬኒያ ብሬቪስ ዳይኖፍላጀሌት ሆኖ ሳለ ፔሪዲኒን የለውም። በዓረብ ባሕር የሚሆነው ደግሞ ይብሳል። ኖክቲሉካ የሚባለው፣ ሌሎችን እየዋጠ የሚኖር ግዙፍ ሴል፣ በሆዱ አረንጓዴ አልጌዎችን ተሸክሞ ባሕሩን አረንጓዴ ያደርጋል፤ የቀለም መሣሪያው ተጠይቆ የሚመልሰው «አረንጓዴ አልጌ ነው» ብሎ ነው። አልዋሸም፤ ዋናውን ነዋሪ ግን አላየውም።

ለእነዚህ የተሰጠው መልስ በስሌት ነው። በ1996 በአውስትራሊያ የተዘጋጀው ኬምታክስ የተባለው ፕሮግራም የእያንዳንዱን ወገን የቀለም ምጣኔ በሠንጠረዥ ተቀብሎ፣ ከተለካው ድምር ጋር እስኪስማማ እያስተካከለ፣ ክሎሮፊሉን ለየባለቤቱ ያካፍላል። ጥልቀትን ከጥልቀት ለይተው ለየብቻ ካሰሉት የብርሃኑን ችግር በከፊል ያቃልላል። ይሁንና ፕሮግራሙ ባልተነገረው ወገን ስም ምንም አያካፍልም፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ኖክቲሉካ ከሌለ በውጤቱም አይኖርም። ብዙ ጥናቶች ከሌላ ባሕር የተወሰደ ምጣኔ አስገብተው በመቶኛ የተቀመጠ የነዋሪዎች ዝርዝር ሲያወጡ አነባለሁ፤ እንዲህ ያለው ዝርዝር ከእርግጠኝነቱ የሚበልጥ ድፍረት አለው። ያው ስሌት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሠንጠረዥ፣ ከዓመት ዓመት ሲደገም ግን ስሕተቱም በአብዛኛው አብሮ ይደገማል፤ ከወቅቱ ልማድ የወጣ ነገር ሲመጣ ያኔ ጎልቶ ይታያል። ቀለምን ከስም ይልቅ ለለውጥ ማመን ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

መንገዱ የሲናን ጫፍ ዞሮ በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ኤል ቶር ያመራል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤረንበርግ በ1823 እዚህ ወደብ ሳለ ባሕሩ ቀልቶ አየ፤ ያቀላው ክር መሰል ሲያኖባክቴሪያ መሆኑን ለይቶም ትሪኮዴስሚየም ኤሪትሬየም ብሎ ሰየመው። የባሕሩ ስም ከዚሁ ፍጥረት የመጣ ነው የሚሉ አሉ፣ ሌሎች ምክንያት የሚሰጡም አሉ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ የትሪኮዴስሚየም ቀይ ቀለም፣ ፋይኮኤሪትሪን፣ ከፕሮቲን ጋር የተያያዘና በውኃ የሚሟሟ እንጂ በአሴቶን የሚወጣ አይደለም። ኤረንበርግ በዓይኑ ያየው ቅላት በተለመደው የቀለም ትንተና ወረቀት ላይ አይታይም። (የቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘበት አርትሮስፒራ የተባለው ሲያኖባክቴሪያም እንዲሁ ሰማያዊ ቀለሙን ከአሴቶን ይሰውራል፤ ክሎሮፊሉና ካሮቲኖይዱ ብቻ ይወጣሉ።) ተቃዋሚው «ቀይ ባሕር ላይ ቀዩን የማያይ ዘዴ ምን ይረባል?» ቢል አልፈርድበትም። መልሴ ግን ይህ ክፍተት የታወቀና ቋሚ መሆኑ ነው፤ በሌላ ፈሳሽ አውጥቶ ወይም በፍካቱ ለክቶ መሙላት ይቻላል። የሚያስፈራው የት እንዳለ የማይታወቅ ክፍተት ነው።

በዚህ ዘመን የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ግን የዲኤንኤ ነው፦ የዘር ቅደም ተከተል ማንበብ ከተቻለ ቀለም ለምን? ስም ለማወቅ ዲኤንኤ እንደሚበልጥ ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ብዛትን ለመናገር ሲመጣ ግን ይሰናከላል፤ የዳይኖፍላጀሌት አንድ ሴል የሚፈለገውን ዘረ መል በብዙ ሺሕ ቅጂ ሊይዝ ሲችል፣ ሌላው ሴል ጥቂት ብቻ ይኖረዋል። ቀለም ግን በሚሊግራም ይለካል፤ ብርሃን የሚይዘው መሣሪያ ምን ያህል እንደሆነ በቀጥታ ይናገራል፣ ሴሉ ሲሞትም በአብዛኛው ቶሎ ይፈርሳልና ከኖረው ይልቅ ያለውን ይነግረናል። ከዚያም በላይ ሳተላይት ከሰማይ የሚያነበው ይህንኑ ነው። ናሳ በየካቲት 2024 ያመጠቀው ፔስ የተባለው ሳተላይት የባሕርን ብርሃን በብዙ ደቃቅ የቀለም ንጣፎች ይከፋፍላል፤ ያየውን ለመተርጎም ግን ከታች በማጣሪያ ላይ የተለካ ቀለም ያስፈልገዋል።

የ1992ቱ የብርድ ወራት ይህ ልኬት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያሳያል። የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ በ1991 ፈንድቶ አየሩን ካቀዘቀዘ በኋላ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የውኃው መደባለቅ ከ850 ሜትር በታች ወረደ፤ ያልተለመደ የአልጌ ብዛት ወጣ፣ በኤላት በኩል ኮራሎች በአልጌ ምንጣፍ ተሸፍነው ሞቱ። ቀድሞ የተመዘገበ ወቅታዊ ልማድ ባይኖር ኖሮ ያ የብርድ ወቅት ከሌላው በምን እንደተለየ በቁጥር ማስቀመጥ ይከብድ ነበር። ልማዱ ግን ለየቦታው ይለያያል፤ ከሰሜኑ ጫፍ ወደ ደቡብ፣ በምጽዋና በአሰብ በኩል እስከ ባብ ኤል መንደብ፣ ውኃው ይሞቃል፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገባው ንጥረ ነገርም ይበዛል። ለአቃባ የወጣ የምጣኔ ሠንጠረዥ እዚያ አይሠራም፤ እዚያ የሚሠራ ሰው ከአገሩ ውኃ የራሱን ሠንጠረዥ ማውጣት፣ በማይክሮስኮፕም ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ቦታ ጸንቶ በየወሩ መቅዳት ይኖርበታል።