የአባቴ ግንባር

ሬዚን ከሚሉት የሚረጋ ፕላስቲክ የተሠራ፣ አውራ ጣት የሚያህል የሟች አባቴ ምስል አለኝ። ለቀለም መያዣ የነፋሁበት ፕራይመር ከደረቀ በኋላ ጥፍሬ ቢነካው ከግንባሩ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ምስሉ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሲሊኮን ማፍሰሻው ቅባት ይቀባል፤ ቅባቱም ከምስሉ ጋር ይወጣል። የሠራልኝ ባለሙያ ይህን አልነገረኝም። መደረብ ከንቱ ነው፤ የታችኛው ካልያዘ የላይኛው በምን ይያዛል? ሁሉንም ልጬ ለብ ባለ ውኃ፣ በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሸሁት። ፍል ውኃማ ሬዚኑን አለስልሶ አንገቱን ያጎብጠዋል (አባቴ አንገቱን የሚሰብር ሰው አልነበረም)። ሲደርቅ አደረ። የእጅ ወዝም ቅባት ነውና ፊቱን አልነካሁም። ጠዋት ፕራይመሩን ሳሳ አድርጌ ሁለቴ ነፋሁበት። በማግስቱ ፕላስተር ለጥፌ ብስበው ባዶውን መጣ። የቀረው ዓይኑ ነው፤ እናቴ ቡናማ ነበር ትላለች፣ እህቴ ጥቁር።