«መድኃኒትሽን ጣይና እመኚ!»

ኮልፌ የሚኖር ሰው ስብከት ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ስብከቱ ራሱ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። ከአጠና ተራ ተነስታችሁ ወደ 18 ማዞሪያ በእግራችሁ ብትሄዱ በአንድ ጆሯችሁ መዝሙር፣ በሌላው አዛን፣ መሀል ላይ ደግሞ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ ታክሲ ጠባቂውን ሕዝብ የሚገስጽ ሰባኪ ትሰማላችሁ። ለምደነዋል። ለነገሩ የዛሬው ወጌ ስለ ጩኸቱ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ስብከት መሀል አንዲት ቃል አለች፤ «ታዘዙ!» የምትል። ስለ እሷ ነው።

እምነት፣ መታዘዝ፣ ራስን ለእግዚአብሔር ፈቃድ መስጠት... እነዚህን የማይሰብክ ሰባኪ የለም። እኔም ክርስቲያን ነኝና አልቃወማቸውም። አምናለሁ እያሉ አልታዘዝም ማለት ዘበት ነው። ግን ጎበዝ፣ እስቲ እንጠያየቅ! ሰባኪው «ታዘዙ» ሲለን የምንታዘዘው ለማን ነው? ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለሰውየው? ነገሩ የወሬ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሳሁ። አንዲት የሰፈሬን ልጅ ግን ነፍሷን ሊያስከፍላት ምንም አልቀረውም ነበር።

ልጅቷን በስም አልጠራትም። ታሪኳን እንድጽፈው የፈቀደችልኝም አስምላኝ ነው። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ መርካቶ ጨርቅ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ያለው ከተወለደች ጀምሮ ነው። እናትና አባቷ ተከታትለው የሞቱት እሷ ገና ዳዴ ስትል ነው። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነበር፤ ወላጆቿ አልደረሱበትም፣ እሷ ደረሰችበት። ያሳደገቻት አክስቷ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቷ «ቪታሚን ነው» እያለች ስታውጣት ኖራ ከዚያ እውነቱን ነገረቻት። ምን አለፋችሁ፣ ልጅቷ ክኒን ሳትውጥ ያደረችበትን ሌሊት አታስታውስም።

ሁሉም ደህና ሆኖ ሳለ ፍቅር መጣ። ለልጁ ሁሉንም ነግራዋለች፤ አልሸሸም። እንዲያውም አብሯት ምክር አገልግሎት ክፍል ገብቶ ጠይቆ ተረድቷል። ችግሩ ሠርጉ ነው። ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራ ወረቀት አምጡ የሚሉ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው፤ የልጁ ቤተሰቦችም ወሬውን መስማታቸው አይቀርም። እሷ ደግሞ «አማቶቼ ያንን ወረቀት ከሚያዩ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኛል» ባይ ናት። ወደ ሰባኪው የወሰዳት ይህ ጭንቀት ነው።

ሰባኪው የትኛው ቤተ እምነት ነው? አልናገርም! ብናገር ግማሾቻችሁ «ድሮም እነሱ!» ብላችሁ ጋዜጣውን ታጥፋላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ የተቃውሞ ደብዳቤ ለመጻፍ ትቀመጣላችሁ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ጠበል ቦታም አለ፣ አዳራሽም አለ።

የሆነው እንዲህ ነው። የቫይረስ መጠን ምርመራ አድርጋ ውጤቷን ይዛ ጉባኤው ላይ ተገኘች። ወረቀቱ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ «አልታየም» ይላል። ሰባኪው ተቀብሎ አየና ወረቀቱን ከፍ አደረገው። «አልታየም ይላል! ሐኪሞቹ ራሳቸው መሰከሩ! ተፈውሳለች!» እልልታው ቀለጠ። እሷም አለቀሰች። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማይክሮፎኑን ግን ከአፉ ሳያርቅ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ያንን ክኒን ብትውጪ እግዚአብሔርን ውሸታም አደረግሽው። መድኃኒትሽን ጣይና እመኚ! ታዘዢ!» አላት። ታዘዘች። የወር ደመወዟንም «የምስጋና» ብላ ሰጠች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነውና። «አልታየም» ማለት የለም ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ይወርዳል። የቀረው ሰውነት ውስጥ አድፍጦ ይተኛል። መድኃኒቱ የተቋረጠ እንደሆነ በአብዛኛው ሰው ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተነስቶ መራባት ይጀምራል። አንዴ እየዋጡ አንዴ እየተዉ መሄድ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምደው ያደርጋል። ሲሆን ሲሆን ያቺ ወረቀት በራሷ ትልቅ የምሥራች ነበረች! መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ ሳይታይ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለፍቅረኛው አያስተላልፍም። በሐኪም ክትትል ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ መውለድም ይቻላል። ልጅቷ እያለቀሰች የምትለምነው ነገር አብዛኛው እጇ ላይ ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ክኒኑን አላመነም፤ የላቦራቶሪውን ወረቀት ግን አምኗል! ሐኪሙ «አልታየም» ሲል ምስክር፣ «እንዳታቋርጪ» ሲል ጠላት። አይገርምም?

አራት ወር ሆናት። መክሳት ጀመረች። ከዚያ ጎኗ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣባት፤ የያዘው ሰው ያውቀዋል፣ ሸሚዝ እንኳ አያስነካም። ለማንም አልተናገረችም። ምነው ቢባል፣ ታምሜያለሁ ማለት ራሱ ክህደት ነው ተብላለቻ! ክኒኑን ማስጣሉ አንድ ነገር ነው፤ ሕመሟን እንዳትናገር አፏን መዝጋቱ ግን ለኔ ከሁሉ ይብሳል። ዳነች ቢባል ክብሩ የሱ፣ ታመመች ቢባል ጥፋቱ የእሷ። በዚህ ሒሳብ ሰባኪው መቼም አይከስርም።

ሥራ ቦታዋ ጎራ ብዬ ሳያት ደነገጥኩ። ሻይ ልጋብዝሽ ብዬ ይዣት ወጣሁና ጠየቅኳት።

«እየተፈተንኩ ነው» አለችኝ።

«ማን ነው የሚፈትንሽ?»

«እግዚአብሔር ነዋ! ንዕማንም እኮ ሰባት ጊዜ እስኪጠልቅ ድረስ አልነጻም። እኔ ገና ሦስተኛዬ ላይ ነኝ።»

ንዕማን! ስለ መታዘዝ የሚያስተምር ሰባኪ ንዕማንን ሳያነሳ አያልፍም፤ እውነትም ድንቅ ታሪክ ነው። የሶርያ የጦር አለቃ፣ ለምጽ የያዘው ትልቅ ሰው። ነቢዩ ኤልሳዕ ወጥቶ እጁን ዘርግቶ ይፈውሰኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ሄደህ ዮርዳኖስ ታጠብ የሚል መልእክት ብቻ ተላከበት። ተቆጣ! አሽከሮቹ ናቸው ያበረዱት፤ ከባድ ነገር ቢያዝህ ታደርገው አልነበር ወይ ብለው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የንዕማን ፈተና ትልቅ ነገር ማድረግ አልነበረም፣ ትንሽ ነገር ደጋግሞ ማድረግ ነበር። በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት ፍሬ መዋጥ ለዚህ አይቀርብም? ክኒን በእልልታ መጣሉማ ንዕማን ሲጠብቀው የነበረው ትልቁ ትርኢት ነው። ደግሞ ኤልሳዕ ስጦታ አልቀበልም ብሎ ምሎ ነው ሰውየውን የሸኘው። ከኋላ ሮጦ የተቀበለው አሽከሩ ግያዝ ለምጹን ወረሰ። ይህኛው የታሪኩ ክፍል ሲሰበክ ብዙም አልሰማሁም!

ሌላም አለ። ጌታ አሥሩን ለምጻሞች ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ነው ያዘዛቸው። በኦሪት ሕግ ለምጽን የሚመረምር ካህን ነበር፤ ስለዚህ የዚያን ዘመን ምርመራ ክፍል ነው የላካቸው ማለት ነው። የነጹትም ወደዚያው ሲሄዱ መንገድ ላይ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ሲጸልይ ጸሎቱ ተሰማ፤ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ እባጩ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። መጽሐፈ ሲራክን ያነበበ ደግሞ 38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም ክብር ምን እንደሚል ያውቃል። በተቃራኒው፣ ከመቅደስ ጫፍ ዝለል፣ መላእክት ይይዙሃል ያለው ማን እንደሆነ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃን ሁሉ ይነግራችኋል። ጌታ አልዘለለም።

ለምጽ ካነሳሁ አይቀር ዘነበወርቅን ሳላነሳ ባልፍ የኮልፌ ልጅ አይደለሁም። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል እዚያ የተከፈተው በ1920ዎቹ ነው። አለርት ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ባለሙያ እንዲያሠለጥን። ከየክፍለ ሀገሩ ተገፍተው የመጡ ሕሙማን ዙሪያውን ሰፍረው ሰፈር መሠረቱ። ስንቱ ነው ገብረ ክርስቶስን እየተማጸነ፣ ከጠበል ጠበል ተንከራቶ በመጨረሻ እዚያ የደረሰ! ጸሎታቸውንም አልተዉም፣ ክኒናቸውንም ዋጡ። ሥጋ ደዌ በመድኃኒቶች ጥምረት መዳን ከጀመረ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ ሕክምናው 6 ወይም 12 ወር ነው። እኔ እዚያ ሰፈር ስመላለስ «ክኒን ከዋጥክ አላመንክም» የሚል ሽማግሌ አላጋጠመኝም።

በኤች አይ ቪ ጊዜ ነው ጠቡ የባሰው። በ1990ዎቹ እንጦጦ ጠበል ላይ ሕሙማን ሲጎርፉ፣ ጠበልና ክኒን አብሮ አይሄድም የሚሉ ብዙ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎም ያው ስብከት ማይክሮፎኑን ቀይሮ ቀጥሏል። አማርኛችን እንኳ ከእነሱ ይሻላል፤ ሐኪም መድኃኒት «ያዛል»፣ ወረቀቱም «ማዘዣ» ነው። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ብለን ስንሳለምም የምንጠራው የዓለምን መድኃኒት ነው።

ይህን ሁሉ ሻይ ቤት ተቀምጬ ደረደርኩላት። ሰማችኝ። ግን የመለሳት የኔ ጥቅስ አልነበረም፤ አክስቷ ናት። ሴትዮዋ ነገሩን በሰማች ማታ አልጮኸችም። የወላጆቿን ፎቶግራፍ ከቁም ሳጥን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «እነዚህ እምነት ጎድሏቸው ይመስልሻል የሞቱት? ያኔ ክኒኑን የሚሰጣቸው ስላልነበረ ነው» አለቻት። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ጤና ጣቢያ ነበሩ። ነርሷ «አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እንኳን መጣሽ» ብላ ተቀበለቻት። ምርመራው ተደርጎ መድኃኒቱ ተጀመረላት፤ ከወራት በኋላ ቫይረሱ እንደገና በምርመራ ሳይታይ ቀረ።

ታምማ በነበረ ጊዜ ሰባኪው ጋ ደጋግማ ደውላ ነበር። አላነሳም። ስለዚህ እናንተ «ታዘዙ» የተባላችሁ ልጆች፣ መድኃኒት፣ ትምህርት ወይም ትዳር ተዉ የሚላችሁ ካለ ከመታዘዛችሁ በፊት «ሌሊት ሲያመኝ ስልክህን ታነሳለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። መድኃኒቱንማ ያዘዘላችሁ ሐኪም ሳያውቅ በማንም ቃል እንዳታቆሙ።

ልጅቷ ዛሬም ትጸልያለች፤ ጉባኤ ግን ቀይራለች። ራስን መስጠት የሚባለው ነገር አሁን እንዴት እንደሚታያት ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና «መጣሉማ ቀላል ነበር፣ አንድ ቀን ነው። ዕድሜ ልኬን የምውጠው መሆኑን መቀበል ነው የከበደኝ» አለችኝ። ፍቅረኛዋም አለ። ለአማቶቿ ማን ይንገራቸው በሚለው ላይ እየተጨቃጨቁ ናቸው።

ያልተቋጨ አንድ ነገር አለ። የዚያን ቀን ምስክርነቷ በቪዲዮ ተቀርጿል፤ እስካሁን ከስልክ ስልክ ይዞራል። አጥፉልኝ ብትል የሚሰማት አጣች። ባለፈው ሳምንት አንዲት የማታውቃት ልጅ ቁጥሯን ከሰው አፈላልጋ ደወለችላት፤ ከክፍለ ሀገር ነው። ቪዲዮውን አይታ ነው። «እህቴ፣ እኔም ላቁመው እንዴ?» አለቻት።

ረጅም ነገር አልተናገረቻትም። «ዛሬ ማታ ዋጪ» አለቻት። «ጠዋት ደውዪልኝ፣ አነሳለሁ።»