ያልጠየቅሁት ዋስ

አባቴ የሩዝ ወሬ ሲነሳ ዝም ይል ነበር። በደርግ ዘመን በኛው በደራ ጅግና ላይ፣ በፎገራ በኩል ደግሞ ሻጋ ላይ፣ የአምራቾች ማኅበራት ሩዝ መሞከር ሲጀምሩ ዘር ውሰድ ተብሎ ተለምኖ «ክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት የላሞቼ ሣር ነው፤ ለባዕድ እህል አላርሰውም» ብሎ መለሳቸው። ከዓመታት በኋላ ያ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ሩዝ ለበሰ። ሰዉ «ነጭ ወርቅ» እያለ ጠራው፤ ቀድመው የሞከሩት ጎረቤቶቹ ወረታ ላይ ቆርቆሮ ቤት ሠሩ። እሱ ዘግይቶ፣ ሌላው ከጠገበ በኋላ ገባበት። «ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር እኮ» ይላል አንዳንድ ማታ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ብሰማም አልተማርሁበትም፤ የኔን ደጅ ያንኳኳው ደግሞ አውሮፕላን ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከፔዳ ግቢ፣ በፊዚክስ ተመርቄ መምህር ሆንሁ። በጥቅምት 2003 አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆና ኪው 400 አውሮፕላን ይዛ ወደ ጎንደርና አክሱም መብረሯን በሬዲዮ ስሰማ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ደስ አለኝ። ብርጭቆውን አስቀምጬ ደብተር ማረም ቀጠልሁ። ያ ነገር እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም።

ዩኒቨርሲቲ አንድ ላይ ያደርን የክፍል ጓደኛዬ ግን ከጊዜ በኋላ ከባሕር ዳር ደወለልኝ። አየር መንገዱ ለአብራሪነት ሠልጣኞች እየመዘገበ ነው፤ እስከ ዓርብ ነው፤ ና አብረን እንመዝገብ። ፊዚክስ ላነበበ ሰው ፈተናው አይከብድም አለኝ። በስልኩ ውስጥ የሚኒባስ ረዳቶች «ወረታ! ጎንደር!» ሲሉ ይሰማኛል። «ብሩን ከየት አመጣለሁ?» አልሁት። «ብር ማን አለህ? እነሱ ያስተምሩሃል፤ አንተ በሥራ ትከፍላለህ። ውል ትፈርማለህ፣ ዋስ ታቀርባለህ፣ በቃ።»

ዋስ ሲል ስልኩ እጄ ላይ ከበደኝ። አባቴ በማዳበሪያ ብድር ለጎረቤት ዋስ ሆኖ አንድ ጊደር አጥቷል። ጊደሯ ስትነዳ አይቻለሁ፤ እናቴ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ «ዋስ» የሚለው ቃል እንደ ክፉ በሽታ ስም ድምፅ ቀነስ ተደርጎ ነው የሚጠራው። በዚያ ላይ የኮስት ሼሪንግ፣ የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት፣ ዕዳ ነበረብኝ። ዕዳ ያለበትን አይቀበሉትም ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ማንን ጠይቄ እንደሆነ አይታወቅም። በዕዳ ላይ ዕዳ ይሆንብኛል አልሁ። ደግሞ ያለ ዘመድ ማን ያስገባኛል አልሁ። ሰው መቅረት ሲፈልግ ምክንያት እንደ ክረምት እንጉዳይ ይፈላለታል።

ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። የት እንደዋልሁ ልናገር? ሐሙሲት፣ ከረንቡላ ቤት። ሐሙሲት ድረስ መጥቻለሁ እንግዲህ፤ የባሕር ዳሩ አስፋልት ከቤቱ በር ላይ ነው። ሁለት ጨዋታ አሸንፌ አንድ ተሸንፌ ማታ ወደማስተምርበት ወደ አንበሳሜ ተመለስሁ።

አሁን ስለ ዕዳው ላውራ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ስንገባ ፎርም ሞልተን ፈርመናል፤ ብዙዎቻችን ሳናነበው። ተመርቆ ሥራ የያዘ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠበት ይከፍላል። መምህር የሆነው ግን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት መክፈል ይችላል። እኔ እንደዚያ ነው የከፈልሁት፤ ጠመኔ ይዤ፣ ስለ ፈሳሽ ግፊትና ስለ አውሮፕላን ክንፍ እያስተማርሁ። የክንፉን ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳምሬ እስላለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ «መምህር፣ ገብተውበት ያውቃሉ?» ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ ጓደኛዬ የፈረመው ውልና እኔ የፈረምሁት ፎርም ምን ይለያቸዋል? ተማር፣ ከዚያ አገልግል፣ ዕዳህ ይሰረዛል። አንድ ዓይነት ውል ነው። እኔ አንዱን ያለ ፍርሃት ፈርሜ ሌላውን ገመድ አድርጌ አየሁት። በውጭ አገር የበረራን ትምህርት በመንግሥት ብድር የሚያስተምሩ አሉ። አውስትራሊያ በ2017 እ.ኤ.አ. የሙያ ተማሪዎችን ብድር እንደ አዲስ ስታደራጅ ለበረራ ትምህርት ጣሪያውን ከፍ አድርጋ 75,000 የአገሯን ዶላር አደረገችው፤ ተማሪው በልቶ የሚያድርበት ገቢ ሲኖረው በግብር በኩል ይመልሰዋል። አሜሪካም ኮሌጅ ገብቶ በረራን በዲግሪ ደረጃ የሚማር ሰው የፌዴራል የተማሪ ብድር ማግኘት ይችላል። የእኛ ኮስት ሼሪንግ እስከዚህ አይሄድም። የንግድ አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት በዓለም አቀፉ ደረጃ 200 የበረራ ሰዓት፣ በተፈቀደ ኮርስ ሲሆን 150 ያስፈልጋል፤ የእያንዳንዱን ሰዓት ነዳጅ፣ አስተማሪና ጥገና ከኪሱ የሚከፍል የደራ ገበሬ ልጅ የለም። ስለዚህ ለእንደኔ ዓይነቱ የተከፈተው በር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ብር አልጠየቀኝም። ፊርማ ነው የጠየቀኝ።

ጓደኛዬ ፈተናውን፣ ቃለ መጠይቁን፣ የጤና ምርመራውን አለፈ። ዛሬ ረዳት አብራሪ ነው። አባቱ ኢብናት ላይ አራሽ ናቸው፤ ዘመድ አልነበረውም። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ሲያድር ጠራኝና ጣና ዳር ዓሣ በላን። ስለ ሥራው ብዙ አያወራም፤ ጨዋ ነው፣ ይህም ያናድዳል። «የአገልግሎት ውሌን ጨረስሁ» አለኝ እንደ ዋዛ። የዩኒቨርሲቲውም ዕዳ ከደመወዙ ሲቆረጥ ሲቆረጥ አልቋል፤ መቼ እንዳለቀ እንኳ ልብ አላለውም። «እኔም ጨርሻለሁ» አልሁት። እውነቴን ነው፤ የነፃነት ደብዳቤዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። የዕድሜ ገደቡን ካለፍሁ ግን ቆይቻለሁ።

በቅርቡ ለልቅሶ ወረታ ሄጄ ከአጎቴ ጋር ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዕድሜ ልኩን የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ነገር ነገርን አንሥቶ ስለዚያ ዓርብ ነገርሁት። አተላ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨፈገገ።

«ለኔ ነግረኸኝ ነበር?»

«አልነገርሁዎትም ጋሼ።»

«ለምን?»

«ዋስ ብዬ... አባባ በጊደሯ የሆነውን እያወቅሁ...»

«ለባጃጅ ገዢ፣ ለማላውቀው የቢሮ ልጅ ስፈርም የኖርሁ ሰው ነኝ እኮ። ላንተ እጄ ይሰበር ነበር?»

ዝም አልሁ። የንፍሮ ሳህን አሳለፉልን፤ እሱ አልዘገነም። ቆይቶ፣ ሌላ ነገር የሚጠይቅ መስሎኝ ጆሮዬን ስሰጠው፦

«ያን ጊዜ ከሐሙሲት ባሕር ዳር ታሪፉ ስንት ነበር?» አለኝ።

ትዝ ይለኛል። እስከ ሳንቲሙ።

«ረሳሁት ጋሼ» አልሁት።