የውሰት መብራት

ቡታጅራ ገበያ ዳር አንድ የኮንቴይነር ሱቅ አለ። የራሱ ቆጣሪ የለውም፤ መስመር የሚወስደው ከጀርባው ካለው ግቢ ነው። ሽቦው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣና በኮንቴይነሩ ጎን በተበሳ ቀዳዳ ይገባል። ቀዳዳው እንደተቆረጠ ነው፤ ጎማ አልገባበትም፣ ጠርዙም ስል ነው። ሽቦው ጠርዙ ላይ ያረፈበት ቦታ በፌስታል ተጠቅልሏል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሽቦው ይወዛወዛል፣ ልባሱም እዚያችው ነጥብ ላይ ይፋቃል። ልባሱ ያለቀ ዕለት ኮረንቲው ሱቁን በሙሉ ያገኘዋል፦ በሩን፣ መደርደሪያውን፣ ደንበኛ ክርኑን የሚያሳርፍበትን መስኮት።

*

«ፍሪጁ ትንሽ ይነዝራል፤ ጫማ አድርገህ ክፈተው።» ወልቂጤም ቡታጅራም ይህ እንደ ተራ ምክር ይነገራል። እኔን የሚያስፈራኝ «ትንሽ» መባሉ ነው። ትንሽ የሚሆነው እጅ ደረቅ፣ ጫማም ደረቅ እስከሆነ ብቻ ነው። በክረምት፣ ጭቃ ላይ ተቁሞ፣ እርጥብ እጅ ሲነካው ሰውነት ለኮረንቲ ያለው ተቃውሞ እስከ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ቮልት ለ1,000 ሲካፈል 220 ሚሊአምፔር ነው። ከ10 ሚሊአምፔር ገደማ ጀምሮ እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል፤ ከ30 በላይ ሲሆንና ሲቆይ ልብን ሊያዛባ ይችላል።

*

«ብሬከር አለን» ይላሉ። አለ፣ ግን ባለ 16 አምፔር ብሬከር 220 ሚሊአምፔርን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል እንኳ ከዚያ በላይ ይስባል። ሰው እየሞተ ብሬከሩ ምንም አይታየውም፤ የተሠራው ሽቦ እንዳይቃጠል ነውና። ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ የሚባለው ባለ 30 ሚሊአምፔር መቁረጫ ነው። በፌዝ የሄደው በኒውትራል ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይከታተላል፤ ጎድሎ ካገኘው በሰከንድ ክፍልፋይ ይቆርጣል። ኮንቴይነሩ በመዳብ ዘንግ ከመሬት ጋር ከታሰረ ደግሞ የፈሰሰው ኮረንቲ በዘንጉ ይወርዳል፤ መቁረጫው ማንም ሰው ሳይነካው ቀድሞ ይዘጋል። በየሱቁ ሊኖሩ የሚገባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የማያቸው ግን ከስንት አንዴ ነው።

*

በውጭ አገር ወደብ ላይ የሚያርፉ ትናንሽ ጀልባዎችም መብራት የሚወስዱት በገመድ ከዳር ነው። ኮረንቲ የሚያፈስ ጀልባ አጠገቡ የሚዋኘውን ሰው ጡንቻ አሳስሮ ያሰጥመዋል። ጨው የሌለው ውሃ ይብሳል፣ የሰው አካል ከውሃው የተሻለ ኮረንቲ ያስተላልፋልና። ለዚህ ነው የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ እነዚህ ጀልባዎች ወደቡ ላይ የሚሰኩበት እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ባለ 30 ሚሊአምፔር መቁረጫ እንዲኖረው የሚያዘው። ጭቃ ላይ የቆመ የብረት ሱቅም ከዚህ ያነሰ ጥበቃ አይገባውም።

*

ርካሽ ዲቫይደር ስትገዙ ገመዱን ቆርጣችሁ ማየት ባትችሉም መሰኪያውን እዩ። ሶኬቶቹ ላይ የግራውንድ ቆርቆሮ ይታያል፤ መሰኪያው ግን ሁለት እግር ብቻ ካለውና ጎኑ ላይም የግራውንድ ቆርቆሮ ከሌለው ያ የሶኬቱ ቆርቆሮ የትም አይደርስም።

*

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ከሆነ ወደ 16 አምፔር ይስባል። እሱን በቀጭን ኤክስቴንሽን፣ ያውም እንደተጠቀለለ መጠቀም እሳት መጥራት ነው፤ የተጠቀለለ ሽቦ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም።

*

የውሰት መስመር አንድ ክፉ ጣጣ አለው፦ ማጥፊያው ያለው ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ነው። ሱቅ ውስጥ ሰው ኮረንቲ ቢይዘው፣ የግቢው በር ተቆልፎ ባለቤቱ ገበያ ቢወጣስ? በእጅ የሚጎትተውም አብሮ ይያዛል። መስመሩ ሱቅ የሚገባበት ቦታ ላይ አንድ ማጥፊያ ማስገባት ያን ያህል ወጪ አይደለም።

*

መስቀል፣ መስከረም 17፣ ሲቃረብ ከአዲስ አበባና ከየክልሉ ጉራጌው ወደ አገሩ ይገባል፤ ያን ሰሞን ከአንድ ሶኬት የሚቀጠለው ሽቦ ብዛት ያስደነግጣል። ሠርግና ለቅሶ ሲሆን ደግሞ አምፖሉ የሚንጠለጠለው የብረት ምሰሶ ባለው የእድር ድንኳን ላይ ነው። እድሮቻችን ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት ገዝተው ያስቀምጣሉ። ከዚያው ዕቃ ጋር ባለ ሦስት ሽቦ ወፍራም ገመድና ባለ 30 ሚሊአምፔር መቁረጫ የገባበት አንድ ሳጥን ይጨምሩ። ድንኳን የሚተክሉት ወጣቶች መስመሩን ሲሰኩ በመጀመሪያ የመቁረጫውን የመሞከሪያ ቁልፍ ይጫኑ፤ ካልቆረጠ አምፖል አይሰቀልም።