«ቡቺ ገጠር ሄደ» ያልኩ ዕለት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ከተማችንን አማኑኤልን አቋርጦ ያልፋል። ውሻችንን ቡቺን የነጠቀንም ይኸው መንገድ ነው። አንድ ማለዳ አይሱዙ ገጨው። ባለቤቴ ልጆቹ ሳይነሱ አምጥቶ ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቀበረው። የአምስት ዓመቷ ልጄ ተነስታ «ቡቺስ?» ስትለኝ፣ «ገጠር ሄደ» አልኳት።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ የማይጥመውን ነገር አለሳልሶ ማቅረብ ሥራዬ ነው። ይህንንም በደንብ የተወጣሁት መስሎኝ ነበር።

ልጄ ግን ማታ ማታ ከእራቷ እንጀራ ቆርሳ በሩ ላይ ታስቀምጥ ጀመር። በሳምንቱ ለሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ ልሄድ ስነሳ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችና፣ «እማዬ፣ አንቺም እንደ ቡቺ ሄደሽ ልትቀሪ ነው?» አለችኝ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ማታ ሁለቱንም ልጆቼን አጠገቤ አስቀመጥኩ። «ቡቺ ሞቷል። መኪና ገጭቶት ነው። አሁን አይተነፍስም፣ አያመውም፣ አይርበውም፤ ተመልሶም አይመጣም። ገጠር ሄደ ያልኳችሁ ውሸት ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኳቸው። ቀድሞ ያለቀሰው የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ነው። «አባዬ ሲቀብረው በመስኮት አይቻለሁ፤ እንዳታዝኚ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። ለካ እኔ ልጄን ስደብቅ ልጄም እኔን ይደብቀኝ ኖሯል።

ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሞተ እንደማይመለስ ብዙ ጊዜ አይገባቸውም፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታቸው ቀስ በቀስ ይረዱታል። «ተኝቷል» ስንላቸው እንቅልፍን፣ «ሄዷል» ስንላቸው መለየትን ሊፈሩ ይችላሉ። ስለዚህ «ሞቷል» የሚለውን ቃል አንሽሽ። ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢጠይቁም ያንኑ እውነት በእርጋታ እንንገራቸው። ወዲያው ሌላ ቡችላ አምጥቶ ማስረሳትም አያስፈልግም፤ ይዘኑ።

እናቴ «ለውሻም ይለቀሳል እንዴ?» ብላ ነበር። በማግስቱ ግን ልጆቹ መቃብሩ ላይ የሚያኖሩትን ድንጋይ አብራቸው ስትለቅም አየኋት።

ልጄ ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ እንጀራ አታስቀምጥም። ጠዋት ጠዋት ግን «ማታ ትመጫለሽ?» ትለኛለች። «አዎ፣ እመጣለሁ» እላታለሁ። ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።