የአስቦ ፈረስ

የዌብ ፕሮጀክት ታዘዝን፦ አንባቢው በየገጹ እየመረጠ መንገዱን የሚቀይርበት ታሪክ፣ በኤችቲኤምኤል፣ በሁለት ሳምንት። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ጠፈር ወጣ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ፈረስ ይዤ ቀረብኩ።

ታሪኩ የአገር ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ጓሳ የሚባለውን የመንዝ ሣር ምድር በፈረስ ግልቢያ ሊካፈሉ ተስማሙ ይባላል። የአስቦ ፈረስ እየጋለበ ሳለ ወደቀ። ጌራ ግን ጋለበ፣ አሁንም ጋለበ፤ ሰፊውን ድርሻ ያዘ። ይኸው ዛሬም ወረዳው መንዝ ጌራ ምድር ነው። ፈረሱን ምን እንደጣለው ግን የነገረኝ የለም። ጓሳን በእግሩ የረገጠ ሰው መገመት አይቸግረውም፤ ቀይ ቀበሮው የሚያድናቸው አይጦች ከሣሩ ሥር ያለውን መሬት በስተው በስተው ወንፊት አድርገውታል። የአይጥ ጉድጓድ ነው ብዬ ፈረድኩ።

«አስቦ ነህ» ይላል የመጀመሪያው ገጽ። «ውርጩ አልረገፈም። ፈረስህን ትኮለኩላለህ ወይስ ልጓም ትይዛለህ?»

ሁለት ምርጫ ሲያዩት ትንሽ ነው። በየገጹ ሁለት ሁለት እየሰጠሁ ስሄድ አምስተኛው መታጠፊያ ላይ 32 መጨረሻ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። እስከ አሥር ብዘልቅ 1,024 ሊሆን ነው። መፍትሔው መንገዶቹን ዞር አድርጎ መልሶ ማገናኘት ነው፤ አንባቢው መረጥኩ ብሎ ደስ ይለዋል፣ ደራሲው ቀድሞ ወዳዘጋጀለት ገጽ ይነዳዋል። (ዘዴው ከዌብ ውጭም ሳይሠራበት አልቀረም።)

የዚህን ዓይነት ታሪክ አመጣጥም እንድንጽፍ ታዘን ነበርና ፈለግሁ። ኤድዋርድ ፓካርድ የሚባል አሜሪካዊ ጠበቃ ማታ ማታ ለሴቶች ልጆቹ ተረት ሲነግር አንድ ቀን ወሬው ነጠፈበት። «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ቢላቸው ሁለቱ ሁለት መልስ ሰጡት። ያንን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1969 መጽሐፍ ጻፈ፤ የታተመለት ግን በ1976 ነው። በ2009 ደግሞ ክሪስ ክሊማስ ለዚሁ ሥራ ትዋይን የተባለ ሶፍትዌር አወጣ። ይኼው ነው፣ ገልብጬ አስገባሁ።

ከዚያ ነው ያፈርኩት፤ ጨዋታው ለካ እቤታችን ነበር። አያቴ እሳት ዳር «እንቆቅልህ» ትለኛለች፤ «ምን አውቅልሽ» እላለሁ። መልሱ ሲጠፋኝ «በል አገር ስጠኝ» ትላለች። ጎንደርን ከሰጠኋት ጎንደር ገብታ የበላችውን የጠጣችውን ትተርካለች፤ ዓለም ከተማን ከሰጠኋት ጀማን ተሻግራ ሌላ ድግስ ላይ ትቀመጣለች። የትም ብልካት ሥጋው የእሷ፣ አጥንቱ የእኔ ነው። መንገዶቹን መልሶ ማገናኘት እሷም ታውቅበታለች ማለት ነው፣ ያውም ያለ መብራት።

ለበዓል አገር ቤት ስገባ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ አነበብኩላት።

«አስቦ ነሽ።»

«እኔ? እኔ የጌራ ዘር ነኝ!»

«ለጨዋታው ነው እማማ። አሁን ምረጪ፤ ፈረሱ ይውደቅ ወይስ አይውደቅ?»

«ወድቋል እኮ።»

«እንዳይወድቅ ማድረግ እንችላለን።»

ነጠላዋን እያስተካከለች ስክሪኑን ትንሽ አየችው። «እንግዲያ ይኼ ሁሉ የጌራ ልጅ የማን ርስት ላይ ሊቀመጥ ነው?»

ሥራችንን የምናቀርብበት ቀን ፕሮጀክተሩ ላይ መጀመሪያ የወጣው አማርኛ ሳይሆን የዝንብ እግር የሚመስል ነገር ነበር፤ ዩቲኤፍ-8 የምትለዋን መስመር ረስቼ ኖሯል። ክፍሉ ሲስቅ ጻፍኳት፣ ፊደሉ ተመለሰ። መምህራችን ማውዙን ተቀብለው በጥሞና ጋለቡ፤ ልጓም ያዙ፣ ኮለኮሉ፣ ጉድጓዷ አፍ ላይ ደረሱ። «ይወድቃል» እና «አይወድቅም» ጎን ለጎን ቆመዋል። «አይወድቅም» የምትለዋን ተጫኑ።

ነጭ ገጽ፣ መሐሉ ላይ 404።

«ምነው፣ ሊንኩ ተሳስቶ ነው?» አሉኝ።

ሊንኩስ ትክክል ነው። ገጹን ነው ያልጻፍኩት፤ የአያቴን ጥያቄ ስመልስ እጽፈዋለሁ ብዬ አቆይቼው ነበር።