ደኅና የሚመስል አሃዝ

አማርኛ ልብን ለስሜት ሰጥቶታል፤ ልብ ይሰበራል፣ ልብ ይሸፍታል፣ ልብ ያርፋል። ለሐኪም ግን ልብ አራት ክፍልና አራት በር ያለው ጡንቻ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ እነዚህን በሮች በለጋ ዕድሜ ከሚያበላሹት ምክንያቶች ዋነኛው፣ በልጅነት «ቶንሲል ነው» ተብሎ የታለፈ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ጠባሳው አብዝቶ የሚያርፈው በግራ በኩል ባለው ሚትራል በተባለው ቫልቭ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን ሉንድ ከተማ፣ ሐኪሙ ኢንጌ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ኸርትዝ የብረት ስንጥቅ ይፈለግበት የነበረውን የድምፅ ሞገድ መሣሪያ በሰው ልብ ላይ ሞከሩት። ኤድለር የሚሻውም ከቀዶ ሕክምና በፊት ይኸው ሚትራል ጠብቦ እንደሆነ ወይም ያፈስስ እንደሆነ መለየት ነበር። ዛሬ ሕሙማን «ኤኮ» የሚሉት ምርመራ የዚያ ሙከራ ልጅ ነው።

ኤኮ ከሚሰጣቸው አሃዞች በብዛት የሚጠቀሰው፣ የግራው ታችኛ የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት እጁን እንደሚገፋ የሚናገረው ነው። ጤናማ ልብም ቢሆን ሁሉንም አይገፋም። የሚያፈስ ሚትራል ያለበት ልብ 65 ከመቶ ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ቤተሰብም ወረቀቱን ይዞ ተመስገን ይላል። ነገር ግን ከተገፋው ደም ከፊሉ ወደ ሰውነት አልሄደም፤ በተበላሸው በር ወደ ኋላ፣ ወደ ላይኛው ክፍል ተመልሷል። ስሌቱ ሁለቱን አይለይም። ለእጅና ለእግር ያ ትርፍ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ደም በቀላሉ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ስላለውም የደከመው ጡንቻ ብርቱ ይመስላል።

ስለዚህ የሐኪሞች መመሪያ ብርቱ መፍሰስ ላለበት ሚትራል ጥብቅ ድንበር አበጅቷል። አሃዙ ወደ 60 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ፣ አልያም ክፍሉ ተጨምቆ ባበቃበት ቅጽበት ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ ሕመምተኛው ምንም ባይሰማውም ጡንቻው መጎዳት ጀምሯል ተብሎ ይታሰባል። የጡንቻውን መኮማተር ራሱን የሚከታተሉ አዳዲስ ማሽኖች ድካሙን ከዚህም ቀድመው ሊያሳዩ ይችላሉ። ጊዜው ካለፈ በሩ ቢጠገንም ጡንቻው ላያገግም ይችላል። በሩ በደኅና በተጠገነ ማግስት እንኳ የኋላው ማምለጫ ስለተዘጋ አሃዙ ዝቅ ይላል፤ ይህን ቀድሞ ያልነገሩት ቤተሰብ ቀዶ ሕክምናው ያበላሸው ይመስለዋል።

የልብ ቀዶ ሕክምና ተራ በሚረዝምበት በዚህ አካባቢ ሐኪሙ ተራ የሚያስቀድመው የዘንድሮውን ስፋት ከአምናው እያስተያየ ነው፤ የአምናው ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው በሕመምተኛው ቤት፣ በፌስታል ውስጥ ነው።